ለቱሉ ዲምቷ ሲስተር ምስጋና፣ በጫት ለታመመ ሰው ቤተሰብም ጥቆማ

ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ «ሲስተር» ብቻ ልበላት። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በመንግስት ጤና ጣቢያ የምትሰራ የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርስ ናት። ከእግዚአብሔር በታች ወንድሜን ያተረፈችልን እሷ ናት። ይህን የምጽፈው እሱም አንብቦ «ለጥፊው» ስላለኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሲኖ ሹፌር ነበር። ሌሊት አሸዋ ይጭናል፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል። ቆይቶ ስራ በሌለበት ቀንም ሐራራው አላስቀምጥ አለው። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ መጣ። ከዚያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። መስኮቱን በካርቶን ደፈነው። ጎረቤቶች በጣሪያ በኩል ስሜን እየጠሩ ይዝቱብኛል ይላል። እናታችን ያቀረበችለትን ወጥ መርዝ አለበት ብሎ አልነካም አለ። አንድ የግል ክሊኒክ ግሉኮስ ሰክቶ «ድካም ነው» ብሎ ሸኘን። ከሰፈሩ ግማሹ «ተደርጎበት ነው» ሲል ግማሹ «እሰሩት» ይላል።

የአእምሮ ህክምና አማኑኤል ብቻ ይመስለን ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥም እንዳለ የነገረችን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ እሷንም እግዜር ይስጣት።

ሲስተር ስለ ጫቱ አላስቀደመችም። «ወንድሜ፣ እንቅልፍ ከወሰደህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችው። ስለ ድምጾቹ ሲነግራት አልተከራከረችውም፤ እውነት ነውም አላለችውም። «እኔ አይሰማኝም። አንተን ግን እንዳስፈራህ ይታየኛል» አለችው። በሩ እንዳይዘጋ ለመናት፤ ገርበብ አድርጋ ተወችለት። ያኔ ነው ትከሻው ሲወርድ ያየሁት።

ለእኛም አስረዳችን። ትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ እጽ ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይደክማል፤ ቃሚ ትኩሱን የሚያሳድደውም ለዚህ ነው። የቃመ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ብዙ የሚቅምና እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን፣ በተለይ በዘሩ የአእምሮ ህመም ካለ፣ ሳይኮሲስ፣ ማለትም የሌለ ድምጽ የሚያሰማና ያለ ምክንያት ሰው የሚያስጠረጥር ህመም፣ ሊይዘው ይችላል። ብዙ ጊዜ ጫቱ ቆሞ ህክምና ሲጀመር በቀናት ወይም በሳምንታት ይሻለዋል። ጫቱ ቆሞም ከወር በላይ ከዘለቀ እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ ሌላ ህመም እንዳለ መታየት አለበት።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ለአንድ ነገር ነው። ሃሎፐሪዶል የሚባለውን ክኒን ስታዝለት «አንገት ሊያጣምም፣ መንጋጋ ሊይዝ ይችላል። ከሆነ እንዳትደነግጡ፤ ወዲያው አምጡት፣ መድሃኒት አለው» ብላ ነበር። እንዳለችውም አንገቱ ወደ ጎን ተቆልምሞ አልመለስ አለ። እሱ «ይኸው፣ መርዝ ነው አላልኳችሁም?» እያለ ይጮሃል። ባትነግረን ኖሮ ክኒኑን ሽንት ቤት ነበር የምንጥለው። ወሰድነው፣ መርፌ ተወጋ፣ ብዙም ሳይቆይ አንገቱ ተመለሰ። መጠኑንም ቀነሰችለት። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ህክምናውን እንዳቋረጠ ሳስብ ያንገበግበኛል።

እናቴ ፈራ ተባ እያለች ስለ ጸበል ጠየቀቻት። «እማማ፣ ጸበሉን አይተዉ፤ ክኒኑንም አያስቋርጡት» አለቻት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ክኒኑን በራሷ እጅ ነው የምትሰጠው።

ጫቱን ሲተው ድብርትና ዱካክ እንደሚመጣበትም ቀድማ ነግራዋለች። በዚያ ሰሞን እየደወለች ታዋራው ነበር። አንዴም «ሱሰኛ» ብላ አልጠራችውም። አሁን ጋራዥ ውስጥ የቀን ስራ ይዟል፤ ሌሊት ይተኛል። ክትትሉ አልቆመም።

እንዲህ የሆነባችሁ ካላችሁ በቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል «የአእምሮ ህክምና አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጤና መድህን መታወቂያ ካላችሁ ያዙ። ህመሙን ከጅምሩ ያየ ሰው አብሮ ይግባ፤ ምን ያህል እንደሚቅምና ምን እንደሚጠጣ ሳይደብቅ ይናገር። ራሱን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ ግን ተራ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሲስተር ያለችበትን እነግራችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ፤ ወረፋ ይበዛባታል።