ምርጥ ምድጃ፦ ከሞልዱ እስከ አክስቴ ማዕድ ቤት

የምሠራው የፕላስቲክ የቤት ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ባልዲው ወይም ጀሪካኑ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ጀምሬ፣ ሞልዱ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫው፣ ተቀርጾ የመጀመሪያው ምርት እስኪወጣ ድረስ እከታተላለሁ። ከዚህ የተነሳ የሰው ቤት ስገባ ዓይኔ የሚያርፈው ዕቃ ላይ ነው፤ እጀታው የት ላይ ተሰነጠቀ፣ ክዳኑ ለምን አልገጥም አለ እያልኩ። በአገራችን ለአገራችን ቤት ከተነደፉ ዕቃዎች መካከል ግን እንደ ምርጥ ምድጃ የማከብረው የለም። ጉድለቱን ሳልደብቅ ነው ይህን የምለው፤ ከታች እመጣበታለሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራ የሲሚንቶ ምድጃ ነው። አራት ቅስት ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ክብ ይሠራሉ፤ ምጣዱ እነሱ ላይ ያርፋል። ከኋላ ሌሎች ሁለት ቁርጥራጮች የጭሱን መውጫ ይሠሩና ድስትም ይሸከማሉ። ከፊት ማገዶ የሚገባበት አፍ አለው። ሌላ ምንም የለውም፤ ብሎን የለ፣ ብየዳ የለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለ።

ቀላል ይምሰል እንጂ ችግሩ ቀላል አልነበረም። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ሸክላ ነው። ሙቀቱ ከመሃል እስከ ዳር እኩል ካልደረሰው እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ መሃሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ይሆናል። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በየጎኑ ያመልጣል። ጋጋሪዋ በአንድ እጇ ሊጥ እያዞረች በሌላው እንጨቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትገፋለች፣ በመካከሉ እሳቱን እፍ ትላለች፤ ነፋስ ከገባ ደግሞ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ነው። በትግራይ እሳቱን በጭቃ ግድግዳ ከብቦ መጋገር የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ እሳቱን መክበብ በራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። አዲሱ ነገር ያንን ግድግዳ ልኩ የማይለዋወጥ፣ ተጭኖ የሚሄድ፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ማድረጉ ነው።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ነው። የሙከራው ስልት ለእኛ ሙያ ሰው አዲስ አይደለም፦ እንጨቱን ትመዝናለህ፣ በአሮጌውም በአዲሱም ምድጃ የተወሰነ ሊጥ ታስጋግራለህ፣ የተረፈውን እንጨትና ከሰል መልሰህ ትመዝናለህ። በዚህ ዓይነት ሙከራ ምድጃው ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶን እስከ ግማሽ ያድናል ተባለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በገጠር ባለቤቶቹ ራሳቸው እየጋገሩ በተደረገ ልኬታ ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በካፋ ደን አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ 40 በመቶ ገደማ አገኘ፤ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ከአንድ ቶን በላይ እንጨት ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው «ታዲያ የመጀመሪያው ውሸት ነበር?» ሊል ይችላል። አልነበረም። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንጨቱ ደረቅና የተፈለጠ፣ ምጣዱ ልከኛ፣ ጋጋሪዋም የተለማመደች ናት። ቤት ውስጥ ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ አለ፣ ኩበት አለ፣ ጭራሮ አለ፣ የተሸራረፈ ምጣድ አለ፣ ልጅ ያለቅሳል። የእኛም ባልዲ በፋብሪካው ውስጥ የማይሰበር ነው። እኔ የምይዘው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው፤ ማገዶ በጀርባዋ ተሸክማ ለምትመጣ ሴት እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ጊዜ ይቆጥባል ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑት።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የአመራረቱ ነገር ነው። ብዙ ጥሩ ንድፍ የሚሞተው ከናሙናው በኋላ ነው፤ አንዱን አሳምሮ የሠራ ሰው ሺሁን ማን እንደሚሠራው አያስብም። የዚህን ምድጃ ንድፍ ያወጡት ሰዎች ግን ከጋጋሪዋ ጎን አምራቹንም አስቀምጠው እንደነበር ከዕቃው ይነበባል። የብረት ሞልድ፣ ወንፊት፣ አካፋና ጥላ ያለው ግቢ ያለው ሰው ሥልጠና ወስዶ ሊያመርተው ይችላል። ሞልዱ ልኩን ስለያዘለት ሠራተኛው ሜትር ማውጣት አያስፈልገውም። መከፋፈሉም ለሸክም ብቻ አይደለም፤ አንድ ወጥ ቀለበት ቢሆን ኖሮ እሳት ሲነካው የሚለጠጥበት ቦታ አጥቶ ይሰነጠቅ ነበር። አሁን ያንን ጫና መጋጠሚያዎቹ ይውጡታል።

ጥሬ ዕቃውም ታስቦበታል። ሲሚንቶ ብቻውን እሳት አይወድም፤ በከፍተኛ ሙቀት ውስጡ ይፈራርሳል። ስለዚህ የሚቀላቀለው ፑሚስ የተባለው በአየር ቀዳዳዎች የተሞላ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ክብደትም ይቀንሳል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ይህ ድንጋይ ሞልቷል። በሌለበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ወይም አሸዋ ይገባል፤ አሸዋ የገባበት ግን ይከብዳል፣ ሙቀቱንም ግድግዳው ይበላዋል።

የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ፣ የዛሬው ጂአይዜድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሥራውን ሲያስፋፋ ምድጃውን በነጻ ከማደል ይልቅ የግል አምራቾችን ማሠልጠንና ገበያ መፍጠር ላይ አተኮረ። ትክክል ነበሩ። በነጻ የተሰጠ ምድጃ ሲሰበር የሚተካው የለም፤ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው በሰፈሩ ካለ ግን አንዱን ቁራጭ ብቻ ገዝቶ መቀየር ይቻላል። በኋላም ግድግዳው ሳሳ ያለ፣ ሲሚንቶ የሚቆጥብ ቀጭን ዓይነት መጣ።

በነገራችን ላይ ላቀች የምንላት የከሰል ምድጃ ታሪኳ ሌላ ነው። እሷ የኬንያው ጂኮ ልጅ ናት፣ ጂኮ ደግሞ መነሻው ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ነው። ለእንጀራ ግን ከሌላ አገር የሚቀዳ ስላልነበረ ከባዶ መነሳት ግድ ሆነ።

አሁን ወደ አክስቴ ቤት። ቢሾፍቱ ነው የምትኖረው። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ወደ ጓሮ ትወጣለች። ለዚያ ቀን ብዬ ነው የገዛሁላት። ተገጣጥሞ ምጣዱ ከተቀመጠ በኋላ በምጣዱና በምድጃው መካከል የቀረውን ክፍተት አመድ በገባበት ጭቃ ለሰነው። ይህን የዘለለ ሰው ምድጃውን አይውቀስ፤ ነበልባሉ በዚያች ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። ምጣዱ እስኪግል ከጉልቻው ይልቅ ትንሽ አስታገሰን፤ ግድግዳው ራሱ መሞቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ግን እሳቱን ወደ ኋላ ሳብ ብታደርገውም ምጣዱ ሙቀቱን አይለቅም። ጎመን ዘሩን አሰሰች፣ የመጀመሪያውን አዞረች፣ አክንባሎውን ደፋች። ስታነሳው ዳሩ ድረስ ዓይን አውጥቷል።

«አየሽ? ዳሩ!» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ወገቧን ይዛ፣ «እናንተ ዕቃ ሠሪዎች ግን ሰው ጎንበስ ብሎ እንደሚጋግር ማን ነገራችሁ?»

«እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣ እትዬ።»

«ያው ናችሁ።»

አልተሳሳተችም። ምድጃው መሬት ላይ ሲቀመጥ ያጎነብሳል። መደብ ሠርቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ እኛም አደረግነው፤ ግን ይህ ለገዢው የተተወ የቤት ሥራ መሆን አልነበረበትም። ሁለተኛው ጉድለት ጭሱ ነው። ከጉልቻው በጣም ይሻላል፣ ፊትን አይለበልብም፤ ሆኖም በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ጭሱን በኋላ በኩል እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚለቀው። የኋላው ድስት ማስቀመጫም ከተስፋው ያነሰ ነው፤ ውኃ ያሞቃል፣ ሽሮ ያቆያል፣ ወጥ ግን አይሠራበትም። የምጣዱን ልክ በተመለከተ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋና ምድጃ ሠሪው ተነጋግረው አያውቁም። ምጣድ የተሰበረባት ሴት ገበያ ሄዳ የሚገጥም ፍለጋ ትዞራለች።

ጥራቱ እንደ አምራቹ ይለያያል። መጀመሪያ የገዛሁት፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ሻጭ፣ ሁለቱ ቁርጥራጮች ሲገጥሙ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ነበራቸው፤ ጠርዙም በጥፍር ሲጫር እንደ ዱቄት ይረግፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሲሚንቶው አንሷል፣ ከሞልዱ ከወጣም በኋላ እንዲጠነክር ውኃ አልጠጣም፣ ፀሐይ ላይ ተጥሎ በአንድ ቀን ደርቋል። ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር ይህ ይብሳል። ሻጩ «እሳት ሲያገኘው ይጠነክራል» አለኝ፤ ሸክላ መስሎት ይሆናል። አስመለስኩት።

ስለዚህ ስትገዙ ጠርዙን በጥፍር ጫሩት፣ ቁርጥራጮቹን እዚያው አስገጥሟቸው፣ ከሞልድ ከወጣ በኋላ ስንት ቀን ውኃ እንደጠጣ ጠይቁ፤ ሳምንት ካልሞላው ተዉት። የምጣዳችሁን ስፋት በገመድ ለክታችሁ ሂዱ። የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ካገኛችሁ ዋጋውን ጨምራችሁ እሱን ግዙ። እኛ አላገኘንምና የአክስቴን የጓሮ ማዕድ ቤት ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ከፍተንለታል።