ማንጉ፣ ቀይ ቦሎቄ እና የባለቤቴ አነጋገር

ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተን ሃይትስ ነው። እናቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡት እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ እየሠሩ አሳደጉት። እሱ ግን ስፓኒሽ አይናገርም። ይሰማል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ ከአስተናጋጅ ጋር እንኳ በስፓኒሽ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አምና ጥር ላይ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ሰማሁት። ስለ ቤቷ ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ቤቷ ብሮድዌይ ላይ ናት። በ1 ቁጥር ባቡር 181ኛው ጎዳና ወርዳችሁ ሁለት ብሎክ ትሄዳላችሁ። የቤቷ እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሁሉም «ዶኛ» ነው የሚላቸው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ስሜ እንዳይነሳ ስላሉኝ የእሳቸውንም የቤቷንም ስም ትቼዋለሁ። ሃያ የሚሆን ወንበር አለ። መስኮቱ ላይ ዶሮ ሲዞር ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ከሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ካርድም አይቀበሉም። ቴሌቪዥኑ ጥር ላይ ቤዝቦል ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ድምፁም ከልክ በላይ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ችዬ ተመልሼ ሄጃለሁ።

ያዘዝነው «ሎስ ትሬስ ጎልፔስ» ነው፤ ሦስቱ ምት እንደማለት። ሳላሚ፣ አይብና እንቁላል፣ ሁሉም ተጠብሰው ማንጉ አጠገብ ይቀርባሉ። ማንጉ ጥሬ ፕላንቴን (ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ የሚበላ የሙዝ ዘመድ) ተቀቅሎ በቅቤ የሚደቆስ ነው። ደህና ተደርጎ ካልተሠራ እንደቀዘቀዘ ድርቅ ይላል። ዶኛ ሲደቁሱት ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፤ ወጥ ቤቱ ክፍት ስለሆነ ቆሜ አየኋቸው። እኛ ሳህን ላይ ሲደርስ ልክ እንደ ጥሩ ገንፎ ነበር፣ ማንኪያው ሲገባበት ዱካውን ይዞ ይቀራል። ከላይ በኮምጣጤ ሞቅ ሞቅ የተደረገ ቀይ ሽንኩርት ተደርጎበታል። ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ያለ እሱ ማንጉ ከባድ ነው። አይቡ ከውጭ ወርቃማ ሆኖ ከውስጥ ጥርስ ላይ ይንጫጫል። ሳላሚው ለኔ ጨው በዝቶበታል። ለሦስት ሰው 52 ዶላር ከፈልን፣ የተረፈውንም ይዘን ወጣን።

አሁን ወደ አነጋገሩ ልምጣ። ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሽንኩርት ጨምሩልኝ ማለት ፈልጋ አባቷን «በስፓኒሽ እንዴት ነው የሚባለው?» አለችው። እሱ ሳያስበው ቀና ብሎ ራሱ ጠየቀላት። «ፖይ ፋቮይ» ብሎ ጨረሰ። መጽሐፉ ላይ ያለው «ፖር ፋቮር» ነው።

ዶኛ ሽንኩርቱን ትተው መጡ። «ሲባኦ!» አሉ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው። ሲባኦ የአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ ትምባሆና ቡና የሚበቅልበት፣ ሳንቲያጎ የምትባለው ትልቅ ከተማ ያለችበት። የሲባኦ ገበሬ የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ወይም «ል» ወደ «ይ» ይለውጣታል። ጎጃሜን ወይም ወሎዬን ከአፉ እንደምንለየው፣ እነሱም በዚህች «ይ» ይለያሉ። የባለቤቴ እናት የዚያ ሰው ነበሩ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ማታ ቤት ገብተን ነገረኝ። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ ወላጆቻቸው ከዋና ከተማው የመጡ ልጆች አፉን በከፈተ ቁጥር ይስቁበት ነበር። «ባላገር» ይሉታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ በእንግሊዝኛው ይስቁበታል። ስምንት ዓመት ሲሞላው ስፓኒሹን ተወው። ይህን ሁሉ ዘመን ስፓኒሼ የተበላሸ ነው ብሎ ያምን ነበር። የተበላሸ አልነበረም። የእናቱ አነጋገር ነው፣ እንዳለ አፉ ላይ የቀረ።

ያደገበት ብሮድዌይ ራሱ ሌላ ስም አለው። ከ159ኛው እስከ 218ኛው ጎዳና ያለው እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ሁዋን ሮድሪጌስ ተብሏል። ሁዋን ሮድሪጌስ እንደ ፈረንጆቹ በ1613 ዛሬ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሳንቶ ዶሚንጎ በሆላንዶች መርከብ መጥቶ ማንሃታን ላይ የቀረ ጥቁር ነፃ ሰው ነበር። ሐድሰን ወንዝ ዳር ከአገሬው ሰው ጋር ይነግድ ነበር። ኒውዮርክ የምትባል ከተማ ገና የለችም። ልጄ ምልክቱን ስታነብ ባለቤቴ «እኔ በዚህ መንገድ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው፣ ማንም አልነገረኝም» አላት። እኔም ባለቤቴን ሐበሾች መልኩን አይተው መንገድ ላይ እያስቆሙ በአማርኛ ሲያናግሩት አስታወስኩ። ስንት ታክሲ ነጂ «የኛ ልጅ» ብሎታል!

ልንወጣ ስንል ባለቤቴ ዶኛን ጎንበስ ብሎ «ቤንዲሲዮን» አላቸው። ባርኩኝ ማለቱ ነው። ዶሚኒካን ልጅ ትልቅ ሰው ሲያገኝም ሲለይም እንዲህ ይላል። ዶኛ «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ» ብለው መረቁት። ቀጥለው የልጄን ራስ ይዘው እሷንም መረቋት። ልጄ በየእሑዱ በስልክ «እደጊልኝ፣ ለቁም ነገር ያብቃሽ» የሚሏት አያት አለቻት። ወደ እኔ ዞራ «ይሄ እኮ የእማማ ምርቃት ነው» አለችኝ።

ለጿሚዎች ትንሽ ልበል። ሩዝና ቀይ ቦሎቄው የፆም ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የዶሮ መረቅ ወይም የአሳማ ቁራጭ ይገባበታል። ጠይቁ። «ቶስቶኔስ» የሚባለው ሁለት ጊዜ የሚጠበሰው ፕላንቴን፣ ነጭ ሩዝና አቮካዶ ይሆናችኋል።

ቦሎቄ ካልኩ አይቀር፣ የቤቷ ትልቁ ነገር «አቢቹዌላስ ኮን ዱልሴ» ነው። በሁዳዴያቸው ብቻ ይሠራል። ቀይ ቦሎቄ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ተጠልሎ ከኮኮናት ወተት፣ ከላም ወተትና ከስኳር ጋር ይንተከተካል። ስኳር ድንች፣ ዘቢብ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል። በትልቅ ድስት ይሠራና ለጎረቤት ይታደላል። ልክ ጸሎተ ሐሙስ ላይ እኛ ጉልባን እንደምናደርገው።

በእኛ አቆጣጠር በ2017 የእኛና የእነሱ ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ስቅለት ጠዋት ሄጄ አራት ብርጭቆ ገዛሁ። ወተት አለበትና አልቀመስኩም፤ የቅርንፉዱን ሽታ ብቻ በባቡር ይዤ ገባሁ። ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ከዶሮው በፊት፣ ቆሜ ከፍሪጅ በላሁት። ወፍራም፣ ቀዝቃዛ፣ መጀመሪያ ቀረፋው ከዚያ ቦሎቄው ይመጣል። ከላይ የተደረገችው ትንሽ ብስኩት ርሳ ለስልሳለች። ጣፋጭነቱ ለቁርስ ይበዛል፤ እኔ ግን ብርጭቆውን ጨረስኩት። እናቴ በቪድዮ ደውላ «ምን እየበላችሁ ነው?» ስትል ልጄ ቀድማኝ «የአባዬ ጉልባን» አለቻት።

ዘንድሮ የእነሱ ስቅለት ከእኛው በአንድ ሳምንት ይቀድማል። የኔ ድርሻ ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቀኛል። ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ትናንት ማታ ዕቃ ሳጥብ ባለቤቴ ሳሎን ሆኖ ስልክ ያወራል። ስድስት ብርጭቆ አዘዘ። ውሃውን ዘግቼ ሰማሁት፤ «ፖይ ፋቮይ» አለ።