አልሸጥልዎትም ያለኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው አየር ጤና ውስጥ ላለች አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ነው። በትክክል ለመናገር እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ለሚቆም አንድ ወጣት ፋርማሲስት። ስሙን አልጠቅስም። «እባክዎ ስሜን እንዳያወጡት፣ አለቃዬ ገበያ ታባርራለህ ይለኛል» ብሎ ስቋል። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላውቅም። እኔ ግን ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። ምስጋናውን ራሱን ደግሞ አልከለከለኝም።

ነገሩ የጀመረው ከማድያት ነው። ትንሹን ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሁለቱም ጉንጬ ላይ ወጣብኝ። ማድያት የወጣባት ሴት ታውቀዋለች፤ ያገኘሽ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆንብሻል። ፀጉሬን የምሠራበት ቤት አንዲት ልጅ «ይቺን ሞክሪያት» ብላ ስም ያልተጻፈባት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ቅይጥ ነው አለች። ምን ከምን ጋር እንደተቀየጠ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሷም አልነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማድያቱ ለቀቀ። ፊቴ ጠራ። ቢሮ ያሉት ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይሉኝ ጀመር። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብልቃጧ ስታልቅ ውስጧ ያለው ዋና ነገር ክሎቤታሶል የሚባል ቅባት መሆኑን ደረስኩበት። ከዚያ በኋላ ራሴ ቲዩቡን እየገዛሁ ዓመት ከምናምን ተቀባሁ። ማዘዣ አምጪ ያለኝ አልነበረም።

ከዚያ ፊቴ መንደድ ጀመረ። አገጬና አፍንጫዬ ዙሪያ ትናንሽ ነገሮች ፈሉብኝ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው መግል ይቋጥራል። ብጉር ነው አልኩ፤ በ41 ዓመቴ እንደ ጎረምሳ! ቅባቱን ሳቆም በሦስተኛው ቀን ይብስብኛል። ስመለስበት ይበርድልኛል። እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታው ሚጥሚጣ የተነሰነሰብኝ ነው የሚመስለኝ። ቡና ላይም እንደዚያው፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስደርስ ጉንጬ ይግላል።

እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። የቢሮ ጓደኛዬ «ጉበትሽን ታዪ» አለችኝ። ጎረቤቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ደመደመች። እሬት ቀባሁ፣ የጥርስ ሳሙና ቀባሁ፣ ሎሚ ቀባሁ። ሎሚውን የመከረችኝን ሴት መንገድ ላይ ሳያት ዛሬም ፊቴ ይቆጠቁጠኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምገዛበት ፋርማሲ ዘግቶ ነበርና ወደዚህችኛዋ ገባሁ። የቅባቱን ስም ነገርኩት። ልጁ መደርደሪያው ላይ እጁን ሰደድ አድርጎ ሳያወርደው ዞር ብሎ አየኝ።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«የት ነው የሚቀቡት?»

«ፊቴን ነዋ።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ነገርኩት። እጁን መለሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ለፊት አልሸጥልዎትም» አለ።

ተናደድኩ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ቆሟል። «ገንዘቡ የኔ፣ ፊቱ የኔ፣ አንተን ምን አገባህ?» አልኩት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ባንኮኒው ላይ ዘንበል አለና ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ «ልክ ነዎት። ግን እያቃጠለዎት ያለው ይሄው ራሱ ይመስለኛል» አለኝ። ቢያመናጭቀኝ ኖሮ ወጥቼ ሌላ ቤት እገዛ ነበር። ሌላ ፋርማሲ ደግሞ ሃምሳ ሜትር አይርቅም። ያቺ ዝቅ ያለች ድምፅ ናት ያቆመችኝ። «ሰኞ ማታ ሰው ይቀልላል። ፊትዎን የሚቀቡትን ሁሉ ይዘው ይምጡ፣ አንድም ሳያስቀሩ» አለኝ።

ሰኞ በፌስታል ሞልቼ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ ደረደረና የእያንዳንዱን ጀርባ ማንበብ ያዘ። መነጽር የለውም፤ ዓይኑን እያጠበበ ነው የሚያነበው። ከዚያ አስረዳኝ። ክሎቤታሶል ከሚቀቡት ስቴሮይዶች (የቆዳ ቁጣ ከሚያበርዱ መድኃኒቶች) ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት ወገን ነው። ለወፈረ ቆዳ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚሰጠው። የፊት ቆዳ ስስ ነው። ሲቆይበት ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ብጉር የሚመስል ነገር ያወጣል። ስታቆሚው ቆዳው ተቆጥቶ ይነሳል፤ ያኔ የተሻለሽ መስሎሽ ትመለሺበታለሽ። ዓመት ሙሉ የዞርኩበትን ክብ በአምስት ደቂቃ አሳየኝ።

«ስሙን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«የምጠረጥረው አለ። ስም የሚሰጠው ግን ሐኪም ነው» አለና የምቀባቸውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፎ «ይህን ያሳዩ» ብሎ አስያዘኝ። በዚያች ማታ ከእኔ አንድ ብር አላገኘም።

የሄድኩት እዚያው ዘነበወርቅ፣ አለርት ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ነበር። አባቴ ይነግረኝ ነበር፤ በእነሱ ጊዜ ዘነበወርቅ ሲባል ሰው ይሸሽ ነበር አሉ። ዛሬ ቆዳ ሲባል ከየክፍለ ሀገሩ ሰው የሚመጣው ወደዚያው ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ስንቅ ያዙ። ያየችኝ ሐኪም ወረቀቱን አንብባ «ይህን የጻፈው ማነው?» አለች። ፋርማሲስት ነው አልኳት። «እግዜር ይስጠው፣ ግማሽ ሥራዬን ሠርቶልኛል።»

ፊቴን በመብራት አየች። ያሳክካል ወይስ ያቃጥላል? ትኩስ ነገር ስትጠጪ ይብሳል? ዓይንሽ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስልሻል? (ይመስለኝ ነበር! ከኮምፒውተር ነው ብዬ ነው።) ከዚያ ጥቁር ነጥብ ፈለገች። ብጉር ከሆነ የተደፈኑ ቀዳዳዎች፣ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ይኖራሉ አለችኝ። የኔ ላይ የሉም። «ስቴሮይዱ ያመጣው ሮዛሽያ ነው» አለች። ቃሉን ያኔ ነው የሰማሁት፤ ፊትን የሚያቀላ፣ የሚያቃጥልና ብጉር መሳይ ነገር የሚያፈላ የቆዳ ሕመም ነው። በኋላ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ፎቶው ሁሉ ቲማቲም የመሰለ የፈረንጅ ጉንጭ ነው። ለካ እኛ ላይም ይወጣል፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ ብጉር እየተባለ ያልፋል እንጂ። እኛ የምናውቀው በማቃጠሉ ነው።

ክሎቤታሶሉን ጨርሶ አስቆመችኝ። ለጥቂት ሳምንታት የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን፣ ጠዋትና ማታ የሚቀባ ሜትሮኒዳዞል ጄል 0.75 በመቶ አዘዘችልኝ። ለሌላው ሰው ክሎቤታሶሉን በአንዴ ሳያስቆሙ ቀስ እያሉ የሚያወርዱበት ጊዜም አለ ብላኛለች፤ ስለዚህ የኔን አይታችሁ እንዳትገዙ።

ማዘዣውን ይዤ ወደ ልጁ ተመለስኩ። «ሜትሮኒዳዞል? ይሄ የአሜባ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» ስል ከኋላ የቆሙት ሳቁ። እሱም ሳቀ። ያው ነው አለኝ። ሲቀባ ግን የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል። ሮዛሽያ ላይ የሚቀባው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፣ በፈረንጅ። ስለ መጠጥም ጠየቅኩት፤ የአሜባውን ስውጥ ጠላ እንዳትቀምሺ ተብዬ አውቃለሁና። «ከሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ግን መጠጥ ራሱ ፊትዎን ያነደዋል፤ ሞክረው ያዩታል» አለኝ። ፋሲካ ላይ በአንድ ብርሌ ጠጅ ሞክሬ አየሁት።

ጄሉ እሱ ጋ አልነበረም። ለሦስት ፋርማሲዎች ደውሎ ሜክሲኮ አካባቢ አገኘልኝ። «ሲደርሱ እንዳያጡት አስቀምጥላት ብዬዋለሁ» አለኝ። ሽያጩን አንስቶ ለሌላ ሰጠ ማለት ነው። ከመሄዴ በፊት ደግሞ እዚያ የምገዛውን መድኃኒት አቀባብ እሱ አስተማረኝ። ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ፣ በፎጣ አትፈትጊ፣ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂ። ትንሽ ጠብቂ። ለፊትሽ በሙሉ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ ማብዛት አያፈጥነውም። ከዓይን ራቂ። ሲደርቅ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ከላይ። በእርግጥ እሱ «ይታጠቡ፣ ያድርቁ» እያለ ነው የነገረኝ። እኔ ለራሴ ስደግመው ነው አንቺ የሆነው።

አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር። «መጀመሪያ ይብስብዎታል። ጄሉ አይደለም፣ ክሎቤታሶሉ ሲወጣ ነው።» ሰምቼው ነበር፣ ግን አልገባኝም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሲኦል ናሙና ነበሩ። ፊቴ አበጠ፣ ተላላጠ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ሄድኩ። አንድ ማታ አልቻልኩም። አሮጌው ቲዩብ መሳቢያ ውስጥ አለ። ወጥቼ ወደ ፋርማሲዋ ሄድኩ።

«ስንተኛ ቀንዎ ነው?»

«አስራ አንድ።»

«እስከ ሃያ አንድ ልቁጠርልዎት?»

እውነት ቆጠረልኝ። ከሥራ ስመለስ በበሩ ሳልፍ ከውስጥ «አስራ አራት!»፣ «አስራ ሰባት!» ይለኛል። ሰው የዕቁብ ቀን የሚቆጥር ይመስለዋል። ሃያ አንደኛው ቀን ላይ ያንን ቲዩብ ወስጄ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። መቀስ አንስቶ ለሁለት ቆረጠውና ጣለው።

በስድስተኛው ሳምንት የፈሉት ቀነሱ። በአስረኛው ጉንጬን ነክቼ ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። ድኛለሁ አልላችሁም። ሮዛሽያ ይያዛል እንጂ ተነቅሎ አይጠፋም፤ ፀሐይ ሲበዛብኝ አሁንም ይግላል። ማድያቱም ትንሽ ተመልሷል። ለእሱም ጭምር ብላ ሐኪሟ በኋላ አዜላይክ አሲድ ጄል 15 በመቶ ቀይራልኛለች። የፈሉትንም ያከስማል፣ ጥለውት የሄዱትን ጥቁር ምልክትም ያደበዝዛል። መጀመሪያ ላይ ይቆጠቁጣል፤ የኔ አስር ቀን ገደማ ፈጀ። ልጁ ሲነግረኝ ይሄ አሲድ ስንዴና ገብስ ውስጥም ይገኛል። ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ በሶ አትቀቢም?» አለችኝ።

የትልቋ ልጄ ነገርም አለ። 16 ዓመቷ ነው፣ ግንባሯ በብጉር ተሞልቷል። የኔ ሲሻለኝ ስታይ ጄሌን በድብቅ ትቀባ ጀመር። ይዣት ሄድኩ። አየት አድርጎ ያነጋገረው እኔን አይደለም፣ እሷን ነው። ይህን ወድጄለታለሁ። «ያንቺ ብጉር ነው። የእናትሽ መድኃኒት ላንቺ አይሠራም፤ ያንቺ ደግሞ የእናትሽን ፊት ይልጠዋል» አላት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል ሰጣት፣ ባለ 2.5 በመቶውን። እሷ ባለ 10ሩን ነበር የፈለገችው። ትንሹም እኩል ይሠራል፣ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው ብሎ አሳመናት። በሁለት ወር ካልተለወጠ ሐኪም ትይሽ አላት። «ጨርቅ ያነጣል፣ በነጭ ፎጣ ተጠቀሚ» ብሎም ነበር። የኔ ልጅ ፊቷን በነጠላዬ ጠረገች። ጥበቡ ላይ አሁን ሁለት ነጫጭ ጣቶች አሉ።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ብዙ ተከራክረናል። ዚንክ ያለበትን መረጠልኝ፤ አይቆጠቁጥም። ግን ጠይም ፊት ላይ ዱቄት የነፋሽ ያስመስላል። እኔ ጃንጥላዬን ጨምሬበታለሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይበላ ይመስላል እንጂ።

የማይመቸውም ነገር አለ፣ ልንገራችሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ መቀመጫ የላትም። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ትቆማላችሁ፤ ልጁ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አያናግርም። ቸኩላችሁ ከሆነ ያናድዳችኋል። ጄሎቹም ሁልጊዜ አይገኙም፤ አንዴ ሦስት ሳምንት ጠፍቶብኛል። ርካሽም አይደሉም።

ቦታዋን የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ማታ ማታ ሰው ሲቀልል ሂዱ። የምትቀቡትንም ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በኔ ፌስታል ውስጥ ሰባት ነገር ነበር። ዛሬ ቤቴ ያለው ከእነሱ ውስጥ ቫዝሊኑ ብቻ ነው፤ እሱንም «ለተረከዝዎ» ብሎ ነው የመለሰልኝ።