ፔሮል በሴለሪ፦ ኮምቦልቻ ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሴለሪን፣ ማለትም ሥራዎችን ወረፋ አስይዞ ከጀርባ የሚያስኬደውን የፓይተን መሣሪያ፣ ኮምቦልቻ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የፔሮል (የደመወዝ ስሌት) ሲስተም ላይ ካስገባሁት ወራት አልፈዋል። ሲስተሙ በፓይተንና በድረ ገጽ መሥሪያው በጃንጎ የተሠራ ነው፤ ሬዲስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ደግሞ ብሮከርም (የሥራ ወረፋውን የሚይዘው) የውጤት ማስቀመጫም ሆኖ ያገለግላል። አጫጫኑን የሚያስተምር ጽሑፍ በየቦታው ስላለ እሱን እዘለዋለሁ። እኔ መናገር የምፈልገው አንዱ የሌላውን ማለቅ የሚጠብቅ ሥራ ሲበዛ ሴለሪ ምን ያህል እንደሚታመን ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ ይታመናል። ግን መብራት በሚሄድበት ከተማ በዲፎልት (ሲጫን ይዞት በሚመጣው) ሴቲንጉ እንዳትተዉት።

ሥራው እንዲህ ነው። ወር ሲያልቅ ከጣት አሻራ ማሽኑ የሰዓት መዝገቡ ይገባል። ከዚያ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሂሳብ ይሠራል፦ ትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ግብር፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ብድር ካለበት ተቀናሽ። ሁሉም ተሰልቶ ሲያልቅ ድምሩ ይመሳከራል። ድምሩ ከገጠመ የባንክ ዝርዝሩ፣ የየሠራተኛው ፔይስሊፕ በፒዲኤፍና የግብርና የጡረታ ቅጾቹ ጎን ለጎን ይዘጋጃሉ። ኤስኤምኤሱ የሚላከው ሥራ አስኪያጁ ካጸደቀ በኋላ ነው።

ቀድሞ ይህ ሁሉ «አስላ» በሚል አንድ ቁልፍ ሥር ነበር። ቁልፉ ሲጫን ገጹ ቆሞ ይሽከረከራል። ገጹን የሚያስተናግደው ሰርቨር ጉኒኮርን በዲፎልቱ 30 ሰከንድ ምላሽ ያልሰጠን ዎርከር (ሥራውን የሚያስኬደውን ፕሮሰስ) ገድሎ እንደገና ያስነሳል። ሂሳብ ክፍል ያሉት እትዬ ገጹ ሲቆምባቸው ደግመው ይጫኑታል። ማንም ቢሆን ይጫነዋል፤ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው ነገር የለም።

አሁን ቁልፉ የሚያደርገው ሥራውን ወረፋ ውስጥ አስገብቶ መመለስ ብቻ ነው። ሴለሪ ሥራዎችን ለማያያዝ ሦስት ዋና መንገዶች አሉት። ቼይን ተራ በተራ ያስኬዳል፤ የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ ያቀብላል። ግሩፕ ጎን ለጎን ይለቃል። ኮርድ ደግሞ ግሩፕ ሆኖ መጨረሻው ላይ ሁሉንም የሚጠብቅ አንድ ሥራ አለው። ለእኛ ዋናው እሱ ነው። ደቦ የወጣው ሰው ሁሉ አጭዶ ሳይጨርስ ውቂያ አይጀመርም፤ ኮርድም እንደዚያው ነው። የየሠራተኛው ስሌት አጨዳው፣ የድምር ማመሳከሪያው ውቂያው።

ኮርድ ጠንካራ ነው፤ ጠባዩን ማወቅ ግን ግድ ይላል። ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ በስህተት ከወደቀ የመጨረሻው ሥራ አይነሳም። ሌሎቹ ሥራቸውን ይጨርሳሉ፣ ድምሩ ግን አይደመርም። የአንድ ሠራተኛ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ስለጎደለ የመላው ፋብሪካ ደመወዝ ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ችግሮችን ለይተን አስቀመጥን። የመረጃ ጉድለት ከሆነ ታስኩ (ወረፋ የገባው አንዱ ሥራ) አይወድቅም፤ «ይህ ሰው ይህ ይጎድለዋል» የሚል ውጤት ይዞ ይመለሳል፣ ማመሳከሪያውም ስሙን በቀይ ያወጣዋል። ዳታቤዝ አልገናኝ ሲል ግን ታስኩ ራሱ ይወድቅና ሪትራይ ያደርጋል፤ ማለትም ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። ይህን ልዩነት አስቀድመው ሳያስቀምጡ ኮርድ የሚጽፉ ሰዎች ሴለሪን ሲያማርሩ እሰማለሁ። እኔ ሴለሪን አልወቅስም። ስሌት ያልተሟላ ሆኖ ሳለ ዝም ብሎ ደምሮ ቢያልፍ ነበር የሚያስፈራኝ።

አሁን ወደ መብራቱ። ሰርቨሩ ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ዩፒኤሱ ጥቂት ይይዛል፣ ከዚያ ያልቃል። በዲፎልቱ የሴለሪ ዎርከር ታስኩን ሊጀምር ሲል «ተቀብያለሁ» ብሎ ከወረፋው ያስወጣዋል። መሀል ላይ ማሽኑ ከጠፋ ያ ታስክ ጠፋ። የሚጠብቀውም ኮርድ ሳይነሳ ይቀራል። መድኃኒቱ አክስ ሌት የሚባለው ሴቲንግ ነው፦ ዎርከሩ «ተቀብያለሁ» የሚለው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይሆናል። ሬዲስም የሚይዘውን ዲስክ ላይ እንዲጽፍ ኤኦኤፍ የሚባለው ሴቲንግ መከፈት አለበት፤ በዲፎልቱ ዝግ ነው። በየሰከንዱ እንዲጽፍ ከተደረገ በመብራት መጥፋት የሚጠፋው ቢበዛ የአንድ ሰከንድ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ብሮከሩ ሬዲስ ሲሆን ያልተጠናቀቀው ታስክ ወደ ወረፋው የሚመለሰው ቪዚቢሊቲ ታይምአውት የተባለው ጊዜ ሲያልፍ ነው። ዲፎልቱ 1 ሰዓት ነው። መብራት ተመልሶ፣ ሁሉም ነገር ተነስቶ፣ ፔሮሉ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። የኛ ረጅሙ ታስክ ሁለት ደቂቃ ስለማይሞላ ጊዜውን ወደ 10 ደቂቃ አወረድነው። ሲያወርዱት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከዚያ ጊዜ በላይ የሚሮጥ ታስክ፣ ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይጀምር ተብሎ ቀጠሮ የተያዘለት ታስክ፣ እንደጠፋ ተቆጥሮ ለሌላ ዎርከር ይሰጣል። ስለዚህ የሪትራይ ቀጠሮዎቻችንም ከ10 ደቂቃ በታች ሆኑ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ስሌቱ ግማሽ ላይ ሳለ መብራት ሄደ። እኔ ደሴ ነኝ። እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ የፔሮሉ ነገር እንዴት ሆነ? ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ሰው ብሩን ይጠብቃል።»

«አብሽሩ እትዬ፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ምንም እንዳይነኩ ብቻ።»

መብራቱ ተመለሰ፣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ በወረፋ ላይ የነበሩት ወዲያው ቀጠሉ። መሀል ላይ የተቋረጡት ጊዜያቸውን ጠብቀው ተመለሱ። ማመሳከሪያው ተነሳ፤ ድምሩ ገጠመ። በዚያ ጭጋግ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ዶሮ መዝለያን መውረድ አላስፈለገኝም። ለእኔ የሴለሪ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ይህ የሆነው ግን ታስኮቹ ቢደገሙም ጉዳት እንዳያመጡ ሆነው ስለተጻፉ ነው። አክስ ሌት ሲከፈት አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊሮጥ እንደሚችል መቀበል ግድ ነው። የደመወዝ ስሌቱ በሠራተኛና በወር ልዩ በሆነ ረድፍ ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ሩጫ ያንኑ ረድፍ ያድሳል እንጂ አዲስ አይጨምርም። ኤስኤምኤስ ላይ ይህ አይሠራም፤ የወጣ መልእክት አይመለስም። ስለዚህ ከመላኩ በፊት «ሊላክ ነው»፣ ከተላከ በኋላ «ተልኳል» ብለን እንጽፋለን። መሀል ላይ ከተቋረጠ ያ ስም ለሰው እይታ ይቀመጣል፤ ሲስተሙ በራሱ ደግሞ አይልክም። የኤስኤምኤሱን ፍጥነት ለመገደብ የሴለሪን ሬት ሊሚት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ገደቡ ለእያንዳንዱ ዎርከር ለየብቻ የሚቆጠር ነው። አራት ዎርከር ካላችሁ የሚወጣው አራት እጥፍ ነው።

ማጽደቂያው ላይ ሴለሪ የሚሰጠው ነገር የለም። ኮርድ ሰው እስኪፈርም ቆሞ እንዲጠብቅ የተሠራ አይደለም። ውጤቶቹም በዲፎልቱ ከ1 ቀን በኋላ ይጠፋሉ፤ እኛ ጊዜውን አራዝመነዋል፣ መብራት ውሎ ሊያድር ስለሚችል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ዙር በማመሳከሪያውና በዝርዝሩ ላይ መዝጋት፣ ሁኔታውን ዳታቤዝ ላይ መጻፍ፣ ሥራ አስኪያጁ «አጽድቅ» ሲሉ ሁለተኛ ዙር ማስነሳት ነው። ቀናት የሚፈጅና ብዙ ሰው የሚፈርምበት ሂደት ካላችሁ ቴምፖራል የተባለውን መሣሪያ ተመልከቱ፤ እሱ ለዚያ የታሰበ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ነገርም አለ። ሥራ አስጀማሪው ሴለሪ ቢት የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው፤ 12 ወር ብቻ። ጳጉሜን አያውቅም። እኛ በየማታው እንዲነሳና «ዛሬ በኛ አቆጣጠር 30 ነው ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግነው። ካልሆነ ምንም ሳይሠራ ይተኛል። የጳጉሜ ቀናት ምን እንደሚደረግባቸው ፋብሪካው የሚወስነው ስለሆነ ኮዱ ውስጥ አልቀበርነውም፤ በሴቲንግ ይሞላል። ሰዓቱም በዲፎልቱ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው።

የማልወደው ክትትሉን ነው። ፍላወር የሚባለው መከታተያ የየታስኩን ዝርዝር ያሳያል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ግን አያሳይም። ፔሮሉ የት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ገጽ ራሳችን ሠራን። እያንዳንዱ ደረጃ ሲጀምርና ሲያልቅ አንድ ረድፍ ይጽፋል። እትዬ አሁን የሚያዩት እሱን ነው፤ መደጋገም ቀርቷል። ኮርድ ውስጥ ኮርድ መክተትንም ተዉት። ስህተት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ለማግኘት ሌሊቱ አይበቃም። ጠፍጣፋ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

ሌላው የጃንጎ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር፦ ታስኩ የዳታቤዙ ለውጥ ኮሚት ሳይደረግ (ሳይጸና) ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ የሚፈልገውን ረድፍ አያገኝም። ከሴለሪ ስሪት 5.4 ጀምሮ ከኮሚት በኋላ ብቻ የሚልክ አጭር መንገድ አለ፤ ተጠቀሙበት። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ለመጫን ያሰባችሁ ደግሞ ተመለሱ፤ ከስሪት 4 ወዲህ በይፋ አይደገፍም። እዚህ አካባቢ ብዙ ቢሮ ዊንዶውስ ስለሆነ ነው ይህን የማነሳው። እኛ ሊኑክስ ነው የጫንነው።

ዋጋው ነፃ ነው፤ ይህ ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። በሩቢ ቋንቋ ዓለም የሴለሪ አቻ የሆነው ሳይድኪክ ጎበዝ ነው፣ ሥራዎችን በባች (በጥቅል) የሚያያይዘው ክፍሉ ግን በሚከፈልበት ስሪት ውስጥ ነው፤ ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በፒኤችፒ ላራቬል የምትጽፉ ከስሪት 8 ጀምሮ ባች አላችሁ፤ ለፔሮል መጠን ያለው ሥራ ይበቃችኋል፣ ለሴለሪ ብላችሁ ቋንቋ አትቀይሩ። ፓይተን ላይ ላለ ሰው ግን ሌላ አልመክርም።

ቀጣዩ እቅዳችን ብሮከሩን ከሬዲስ ወደ ራቢትኤምኪው፣ ወደ ሌላ የወረፋ ሰርቨር፣ ማዞር ነው። እዚያ የዎርከሩ ግንኙነት መቋረጡ እንደታወቀ ያላለቀው ታስክ ወደ ወረፋው ይመለሳል፤ 10 ደቂቃ መጠበቅ ይቀራል። የውጤት ማስቀመጫው ግን ሬዲስ ሆኖ ይቆያል፦ በራቢትኤምኪው በኩል የሚሄደው አርፒሲ የሚባለው ውጤት ማስቀመጫ ኮርድን አይደግፍም።