ለሚረሱ ወላጆች የመስሚያ መሣሪያ፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ጆሮ ውስጥ ወይስ የኪስ ማጉያ?

እናት ወይም አባት መርሳት ሲጀምሩ፣ ብዙ ቤተሰብ አለመስማታቸውንም ከመርሳቱ ይቆጥረዋል። «ነግሬያቸው ረሱት» ይባላል። ነገሩን መጀመሪያውኑ ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። አንዳንዴ ጆሯቸውን የደፈነው የደረቀ ኩክ ብቻ ነው።

ጆሮ ውስጥ የምትገባው ትንሿ መሣሪያ ስለማትታይ ብዙ ሰው ይወዳታል። መርሳት ላለበት ሰው ግን አልመክራትም። በሶፍት ተጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ትገባለች፣ አልጋ ስር ትወድቃለች። ብዙዎቹ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው፤ ባትሪዋም ኪኒን ታክላለች። መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ሊውጣት ይችላል፤ ከተዋጠች ደግሞ ሳይዘገይ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ይሻላል፤ በተለይ ቻርጅ የሚደረገውና ለጆሯቸው በልክ የተሠራ መሰኪያ ያለው። ማታ ቻርጀሩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ጠዋት ታደርጉላቸዋላችሁ፣ በቃ። ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። ካፏጨ ብዙ ጊዜ መሰኪያው በደንብ አልገባም ማለት ነው፤ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ከልብሳቸው ጋር የሚያያዝ ክር ጠይቁ። ድምፅ መቀነሻና መጨመሪያውንም ባለሙያው እንዲቆልፍላችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ሲነካኩት ይጠፋል። ዋጋው ከበድ ይላል፣ መለመዱም ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ፀጥ ባለ ክፍል ለትንሽ ሰዓት ይሞክሩት እንጂ ሰርግ ቤት አይጀመርም። መርሳቱ ሳይጠና ከተጀመረ እጃቸው ይለምደዋል። ዘግይቶ ሲሆን «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ነቅለው ይጥሉታል።

ለነዚህኛዎቹ የኪስ ማጉያው አለ። ማይክ ያለው ትንሽ ሣጥን ከትልቅ ጆሮ ማዳመጫ ጋር ነው። ብዙዎቹ በቀጭኗ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ለጆሯቸው ልክ አይስተካከልም፤ ሁሉንም ድምፅ ያጎላል፤ ቲቪው መጥፋት አለበት። ግን ቡና ሲጠጣ ታደርጉላቸዋላችሁ፣ ማይኩን ወደሚናገረው ሰው ታዞራላችሁ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ታወልቃላችሁ። ሐኪም ጋር ስትሄዱም ያዙት፤ ጥያቄው ሳይሰማቸው ቀርቶ የማስታወስ ፈተናው ከሚገባው በታች እንዳይወጣ።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ከጥቅምት 2022 ወዲህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ አሉ። ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች የታሰቡ ናቸው። ብዙዎቹን ተጠቃሚው በስልክ ራሱ ያስተካክላል፤ ለሚረሳ ሰው ይህ አይሆንም፣ ከጎኑ የሚረዳው ከሌለ በስተቀር።

«መርሳትን ይከላከላል» እያለ የሚሸጥላችሁን ግን ጠርጥሩት። በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው አቺቭ የተባለው ጥናት የመስሚያ መሣሪያ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን 977 አረጋውያን ለ3 ዓመት ተከታትሏል። በጠቅላላው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም፤ የመርሳት ስጋታቸው ከፍ ያለው ላይ ግን የአእምሮ መዳከሙ በ48 በመቶ ቀንሷል። ተሳታፊዎቹ ግን ጉልህ የመርሳት ችግር ያልነበረባቸው ነበሩ። ለታመመ ሰው የምትገዙት እንዲሰማችሁና እንዲያጫውታችሁ ነው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ምርጫዬ፦ መርሳቱ ገና ከሆነና በየቀኑ የሚያደርግላቸው ሰው ካለ ከጆሮ ጀርባው፤ ከገፋ ወይም የሚነቅሉ ከሆነ የኪስ ማጉያው። የቱንም ስትገዙ ስንት ቀን ሞክራችሁ መመለስ እንደምትችሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።