የመንዝ ባና በስቶክሆልም ብርድ

በስቶክሆልም በሦስተኛው የብርድ ወራቴ፣ ደብረ ብርሃን የሚኖረው እጮኛዬ በስልክ ሲለየኝ፣ ከሁሉ የከበደኝ ማታ ማታ የምንደዋወልበት ሰዓት ባዶ መቅረቱ ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ከደብረ ብርሃን ገበያ የገዛችውን የመንዝ ባና በመንገደኛ ላከችልኝ። ሴቶች የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው ይህ የበግ ጠጉር ልብስ ትከሻ ላይ እንደ ሰው እጅ ከበድ ብሎ የሚያርፍ ሲሆን፣ ያንን ሰዓት እሱን ተከናንቤ ለእናቴ እየደወልኩ፣ አንዳንዴም እያለቀስኩ አሳልፌዋለሁ። በውጭ አገር ልቧ ለተሰበረ ልጅ ከአገር ቤት ምን ልላክ ለሚል ሰው፣ ከበርበሬና ከሽሮ አስቀድሜ ይህን እመርጣለሁ። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ በመሆኑ አንገትን ይኮሰኩሳል፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ አቡጀዲ ማሰፋት ይገባል። ሽታውም ቶሎ አይለቅም፤ እኔ ግን እንዲለቅ አልፈለግሁም።