«ይህን ካርድ አታውጡ» ብላ ለምትጀምረው የማይል አማካሪ ምስጋናና ጥቆማ

አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ቦነስ ማይል ሰብስቦ ለመብረር ለሚያስብ፣ የወር ወጪው ግን ጠበብ ላለ ቤተሰብ አንዲት ባለሙያ እህት ለመጠቆምና በዚያው እሷንም ለማመስገን ነው ይህን የምንጽፈው። ቦነስ ማለት አዲስ ካርድ ያወጣ ሰው በተወሰነ ጊዜ የተወሰነ ገንዘብ ሲያወጣበት የሚሰጠው ማይል ወይም ፖይንት ነው፤ በእሱ የበረራ ትኬት ይያዛል። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ አናወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

ካርድ አትሸጥም። የምታስከፍለው ለአንድ ቀጠሮ የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ሰው ካርድ አወጣም ቀረም ክፍያዋ ያው ነው። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በየቦታው ካርድ የሚያስተዋውቁት አብዛኞቹ፣ ሰው በእነሱ ሊንክ ገብቶ ሲፈቀድለት ከባንኩ ይከፈላቸዋል፤ ስለዚህ «ለእናንተ አይሆንም» የሚሉበት ምክንያት የላቸውም። እሷ ግን ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ከዚያ ነው።

ቀጠሮው ሲጀመር የሚዘረጋው የካርድ ዝርዝር ሳይሆን ያለፉት 3 ወራት የባንክ ስቴትመንት ነው። ከዚያ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በካርድ ሊከፈል የሚችለውን ብቻ ትለቅማለች። እንበልና አንድ ቤት ለአስቤዛ 420 ዶላር፣ ለነዳጅ 130፣ ለመኪና ኢንሹራንስ 145፣ ለስልክ 85 ያወጣል። በወር 780፣ በ3 ወር 2,340 ዶላር ማለት ነው። የቤት ኪራይ አይቆጠርም፤ ኪራይን በካርድ የሚያስተላልፉት አብዛኞቹ አገልግሎቶች 3 በመቶ ገደማ ስለሚቆርጡ የቦነሱን ጥቅም ይሸረሽሩታል። ከ2,340ው ላይ ደግሞ ለሚመለስ ዕቃና ላልታሰበ ነገር 15 በመቶ ትቀንሳለች። የሚቀረው 2,000 ገደማ ነው። «በ3 ወር 4,000 ዶላር አውጡ» የሚል ካርድ ቦነሱ ምንም ያህል ቢያጓጓ ለዚህ ቤት አይሆንም፤ የሚሆነው ከ500 እስከ 2,000 የሚጠይቀው ነው።

የችሎታዋ ልክ የሚታየው ያንኑ ወጪ ጊዜውን አስተካክላ ስትደረድረው ነው። በየወሩ 145 የሚከፈለው ኢንሹራንስ የ6 ወሩ በአንድ ጊዜ ሲከፈል 870 ይሆናል፤ እንዲያውም በአንዴ ለሚከፍል ዋጋ የሚቀንሱ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው። ካርዱ ከኢንሹራንሱ እድሳት ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ከወጣ፣ የ3 ወሩ ወጪ አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ 2,775 ይደርሳል። 15 በመቶው ተቀንሶለትም ከ2,300 በላይ ነው። ግን 870ው አስቀድሞ ተቀምጦ ካልሆነ በስተቀር አትስማማም። በካርድ ከፍሎ ቀስ እያሉ መመለስ እሷ ዘንድ አይታሰብም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነውና። ሒሳቡን ቁጭ አድርጋ ታሳያለች፦ 20,000 ማይል እያንዳንዱ በ1.2 ሳንቲም ቢታሰብ 240 ዶላር ያወጣል። 2,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በወር 40 ዶላር ይበላል። በ6 ወር ውስጥ ቦነሱ አልቆ ዕዳው እዚያው አለ።

ቀጥሎ የክሬዲት ሪፖርት፣ ማለትም የብድርና የአከፋፈል ታሪክ መዝገብ ነው። የሦስቱም ድርጅቶች፣ ማለትም የኤክስፔሪያን፣ የኢኩዊፋክስና የትራንስዩኒየን ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። እሷ መጀመሪያ የምታየው ስኮሩን፣ ማለትም ከታሪኩ የሚሰላውን ነጥብ፣ ሳይሆን ሁለት ቀላል ነገሮችን ነው። አንደኛው አድራሻና የስም አጻጻፍ ነው፤ በማመልከቻው ላይ ያለው ከሪፖርቱ ጋር ካልገጠመ ባንኩ ማንነት ላረጋግጥ ብሎ ያቆመዋል። ሁለተኛው ሪፖርቱ ባንክ እንዳያየው ታግዶ እንደሆነ ማየት ነው። ብዙ ሰው ስርቆት ፈርቶ ፍሪዝ ያደርግና ይረሳዋል፤ ከዚያ ሲያመለክት ይከለከላል። በ2018 በወጣው ሕግ ማገዱም ማንሳቱም ነፃ ነው፣ በኦንላይን ወይም በስልክ ከጠየቁ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መነሳት አለበት።

ስኮሩን በተመለከተ፣ ብዙ ባንኮች በሚጠቀሙበት በፊኮ አቆጣጠር 35 በመቶው በወቅቱ የመክፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው የተያዘው ዕዳ መጠን ነው። ገቢያቸው ትንሽ የሆኑ ሰዎች የሚጎዱት በዚህ በሁለተኛው ነው፤ የካርዳቸው ጣሪያ ዝቅተኛ ስለሆነ። ጣሪያው 1,500 በሆነ ካርድ 900 ዶላር ያወጣ ሰው፣ በመጨረሻ ሙሉውን ቢከፍልም፣ ስቴትመንቱ የሚዘጋበት ቀን 60 በመቶ ተጠቅሟል ተብሎ ይመዘገባል። መላው ቀላል ነው፦ አዲስ ካርድ ከማመልከት በፊት ባለው ወር፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ 3 ቀን ቀድሞ አብዛኛውን መክፈል። የመክፈያው ቀንና የመዝጊያው ቀን የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ብዛት ያስገርማል።

በማመልከቻው ላይ የሚሞላው ገቢም አለ። 21 ዓመት የሞላው ሰው በአግባቡ ሊጠቀምበት የሚችለውን የትዳር ጓደኛውን ገቢ ጨምሮ መጻፍ ይችላል፤ ከ2013 ጀምሮ ደንቡ ይፈቅዳል። ልጅ ለማሳደግ ቤት ለዋለች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያልተገኘ ገቢ መጻፍ ግን ወንጀል ነው፤ እሷም እንዲህ ያለውን ሰው ታሰናብታለች።

የካርዶቹ ቅደም ተከተል ላይ ከሌሎች ትለያለች። ቼዝ ባንክ በ24 ወራት ውስጥ ከየትኛውም ባንክ 5 እና ከዚያ በላይ ካርድ ላወጣ ሰው በአብዛኛው አይፈቅድም፤ በሌላ ሰው ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ሆኖ መግባት እንኳ ብዙ ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ለሱቅ ቅናሽ ተብሎ የወጣ ካርድም ቦታ ሊያጣብብ ይችላል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ በአንድ የካርድ ዓይነት ቦነስ የሚሰጠው በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ቦነስ ጊዜ መቸኮል ዕድሉን ማባከን ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ በአንድ ቀን ሁለቱም አያመለክቱም። አንዱ ወጪውን ሞልቶ ቦነሱ ሲገባ ሌላው ይጀምራል፤ ያው የአስቤዛ ገንዘብ ለሁለት ቦነስ ይሠራል።

አሁን ሰው ቦነሱን የሚያጣባቸው ወጥመዶች። የ3 ወሩ ጊዜ በአብዛኛው የሚቆጠረው ካርዱ ከተፈቀደበት ቀን ነው፤ በፖስታ ከደረሰበት ቀን የሚመስላቸው አሉ። ዓመታዊ ክፍያው፣ ወለዱ፣ ከኤቲኤም የወጣ ጥሬ ገንዘብ፣ ከሌላ ካርድ የተዛወረ ዕዳ ከወጪው አይቆጠሩም። የተመለሰ ዕቃ ይቀነሳል፤ ልክ 1,000 ሞልቶ 40 ዶላር ጫማ የመለሰ ሰው 960 ላይ ነው ያለው። የስጦታ ካርድ ገዝቶ ለመሙላት መሞከር በተለይ አሜሪካን ኤክስፕረስ ጋ ቦነሱን ሊያስነጥቅ ይችላል። እሷ የምትሰጠው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው፦ የተፈቀደበት ቀን፣ የመጨረሻው ቀን፣ እስካሁን የወጣው፣ የተመለሰው። የመጨረሻውን ቀን ሆን ብላ በ10 ቀን ታሳጥረዋለች።

ከተከለከሉስ? ባንኩ ምክንያቱን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ደብዳቤው ሲመጣ ምን ብሎ መደወል እንደሚገባ ታለማምዳለች፤ አዲስ ማመልከቻ ሳይገባ ያንኑ እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ ይቻላል። ማንነት ያልተረጋገጠበት ወይም ሪፖርቱ ታግዶ የቆየበት ጉዳይ በዚያ ስልክ ሊፈታ ይችላል። «ብዙ አዲስ ካርድ አለዎት» የተባለ ግን መጠበቅ ነው ያለበት።

ፖይንትና ማይል አንድ እንዳልሆኑም ከመጀመሪያው ቀን ታስረዳለች፤ ፖይንት የባንኩ ነው፣ ማይል የአየር መንገዱ። ቼዝ ፍሪደም አንሊሚትድ የተባለው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ግን ብቻውን ከሆነ ፖይንቱ ወደ አየር መንገድ አይሄድም፤ ለዚያ እንደ ሳፋየር ፕሪፈርድ ያለ 95 ዶላር በዓመት የሚያስከፍል ካርድ ከጎኑ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ዩናይትድ አየር መንገድ 1,000ው በ1,000 ይተላለፋል። የዩናይትድ ማይል ደግሞ የዩናይትድን ወንበር ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የስታር አሊያንስ የአየር መንገዶች ኅብረት አባል የሆነውን የኢትዮጵያ አየር መንገድንም ይይዛል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም፣ አንዴ የተላለፈ ፖይንት ወደ ባንኩ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩ መኖሩ ይታያል፣ ያውም ለሁሉም ተጓዦች በአንድ ላይ፤ ለአንድ ሰው ርካሽ የሆነ ወንበር ለአራት ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

በማይል መግዛት ያዋጣል ወይ የሚለውንም በስሜት አትወስንም። የ320 ዶላር የአገር ውስጥ የደርሶ መልስ ትኬት በ25,000 ማይል ቢቀርብ፣ በማይልም ቢሆን ለአንድ ጉዞ 5.60 በድምሩ 11.20 ዶላር ግብር ይከፈላል። 308.80ን ለ25,000 ማካፈል ነው፤ ማይሉ 1.24 ሳንቲም ገደማ አወጣ። ከ1 ሳንቲም በታች ሲወርድ በጥሬ ገንዘብ ግዙ ትላለች። ማይል አስቀምጦ መርሳትም ዋጋ አለው፦ የዩናይትድና የዴልታ ማይል ጊዜ አያልፍበትም፣ የአሜሪካን አየር መንገድ ግን 24 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካልታየበት ይጠፋል።

ካርዱ 11ኛ ወሩን ሲይዝ አስታዋሽ መልእክት ትልካለች። ዓመት ሲሞላ ባንኩ ከፈቀደ ወደ ነፃው ዓይነት ማስቀየር ይቻላል፤ የሒሳቡ ዕድሜ አይጠፋም፣ ስኮሩም በአብዛኛው አይነካም። ዓመት ሳይሞላ መዝጋትን ግን አትመክርም።

እንከንም አላት። መልስ ለመስጠት ትዘገያለች፣ በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው የታክስ ወቅት። ቢዝነስ ክላስ ለሚያድን ሰውም አትሆንም፤ ትኩረቷ ብዙ ወንበር በትንሽ ወጪ ነው። የተበላሸ ክሬዲት አጸዳለሁም አትልም። ይህን የሚል ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ ከጠየቃችሁ የ1996ቱ የፌዴራል ሕግ እንደሚከለክለው እወቁ።

ወደ እሷ ስትሄዱ የ3 ወር ስቴትመንት፣ የሦስቱን ድርጅቶች ሪፖርት፣ ያሏችሁን ካርዶች ከወጡበት ወር ጋር፣ እንዲሁም በፓስፖርታችሁ ስም ልክ የተከፈተ የማይል ሒሳብ ቁጥር ያዙ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የይለፍ ቃል አትጠይቅም፤ ማመልከቻውን ራሳችሁ በራሳችሁ ስልክ ትሞላላችሁ፣ እሷ አጠገብ ተቀምጣ ታነባለች። እህታችን፣ ለትዕግሥትሽም ለ«አታውጡ»ሽም ከልብ እናመሰግናለን።